መላሽ ወሰደው

አባቴ «መላሽ» የሚለውን ቃል ያስተማረኝ በብርቱካን ነው። የመዋኛ ዳርቻው ጠባቂ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሰው ሳይመጣ ቀድመን እንወርዳለን። ከፍራፍሬ ሻጩ ለምነን ያመጣነውን፣ ጎኑ የበሰበሰ ብርቱካን ከወገቡ ዞር ብሎ ወደ ባሕሩ ይወረውራል፤ ከዚያ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ይጠብቃል። ብርቱካኑ ማዕበሉ ላይ ተንከባሎ ወደ እኛ ከተመለሰ ደህና ነው፤ ትንሽ ራመድ ብለን ሌላ እንወረውራለን። አንዱ ግን ወደ ውስጥ መሄድ ይጀምራል። ነፋስ ሳይኖር፣ ማንም ሳይነካው፣ ቀጠሮ እንደረፈደበት ሰው ቀጥ ብሎ ወደ ጥልቁ ይገሰግሳል።

«አየሽው?» ይለኛል። «መላሽ እዚያ ነው።»

ቀይ ጨርቅ የታሰረበትን ዘንግ ከትከሻው አውርዶ ከቦታው ፊት ለፊት አሸዋው ላይ ይተክለዋል። የዕለቱ ትልቁ ሥራ ይሄ ነበር። ቀሪው ፊሽካ መንፋትና ሰው መገሠጽ ነው።

«ባሕር ውሃውን ወደ ዳር ያመጣል፣ ያመጣል፣ ያመጣል» ይለኝ ነበር። «ያ ሁሉ ውሃ የት ይግባ? መመለስ አለበት። የሚመለስበት በር ነው መላሽ የሚባለው። በሩ ላይ ቆሞ የተገኘ ሰው አብሮ ይሄዳል።»

እኔን የሚያስገርመኝ ቦታው ማማሩ ነበር። ግራና ቀኙ ማዕበሉ እየተሰበረ ነጭ አረፋ ይተፋል፣ ይጮኻል፤ መላሽ ያለበት ግን ጠቆር ያለ፣ ለስላሳ፣ የተተኮሰ ጨርቅ የመሰለ ውሃ ነው። እንግዳ ሰው ከአውቶቡስ ሲወርድ ልጆቹን ይዞ የሚሮጠው እዚያ ነው። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ የሚባለውን ተረት ያወጣው ሰው የኛን ባሕር ሳያይ አይቀርም። አባቴ «ባሕር ሲጮህብሽ አትፍሪው፤ ዝም ሲልሽ ነው» ይላል።

ከያዘኝም ምን ማድረግ እንዳለብኝ አስተምሮኛል። ወደ ዳር ቀጥ ብሎ መዋኘት ክንድን መጨረስ ነው። መላሽ ኃይለኛ ቢሆንም ጠባብ ነው፤ ትንሽ ወደ ጎን የዋኘ ሰው ይወጣል። ይህን ቤታችን ወለል ላይ በሆዴ አስተኝቶ ሲያለማምደኝ እናቴ ከምድጃው ዞር ብላ «እሰይ፣ ወለሉ በነፃ ተወለወለልኝ» ትል ነበር። እሱ ይስቃል። እኔ «በጎን! በጎን!» እያልኩ ከአልጋው ሥር እስከ በሩ እሳባለሁ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባቴ ጉንዳን ብሎ ይጠራኝ ነበር፤ አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልምና። ዛሬም አልችልም። ይህን ስጽፍ እንኳ ስንቴ ተነስቼ መስኮቱን ከፍቼ እንደዘጋሁት እኔ ነኝ የማውቀው።

ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ ከተማው በእንግዳ በተሞላበት ወቅት ነው አባቴ የጠፋው። ጠዋት ብነሳ የለም። ፊሽካው በሩ አጠገብ ካለው ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ያለ ፊሽካው ከቤት ወጥቶ የማያውቅ ሰው ነበር፤ ዳቦ ሊገዛ እንኳ ሲወጣ አንገቱ ላይ ነው።

«እማዬ፣ አባዬስ?»

«ለሥራ ሄዷል።»

«ያለ ፊሽካው?»

«ሌላ ሥራ ነው» አለችኝና ቦቲዋን መሳብ ጀመረች። እናቴ የምትሠራው በረዶ ቤት ነው፤ ለዓሣ ጀልባዎቹ በረዶ የሚጋገርበት ቦታ። ከረጃጅም የቆርቆሮ ሣጥኖች በረዶውን ታወጣለች፣ በመንጠቆ ትጎትታለች፣ ትፈጫለች። በዚያ ሙቀት ሹራብ ለብሳ የምትወጣ፣ አሞኒያ አሞኒያ እየሸተተች የምትመለስ፣ እጇ አንገቴን ሲነካኝ የምታስጮኸኝ ሴት ነበረች። የዚያን ቀን ጠዋት ግን ስትወጣ አንገቴን አልነካችኝም።

በማግስቱ የእናቴ እህት፣ እቴቴ የምላት፣ ሻንጣዋን ይዛ መጣች። «ላግዛችሁ ነው» አለች። ምን እንደምታግዘን አልገባኝም። ቀኑን ሙሉ ድንች እየላጠች ትተነፍሳለች። እኔን ባየች ቁጥር «ምስኪን» ትላለች፤ እናቴ ትገላምጣታለች፤ ዝም ትላለች፤ ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ምስኪን።»

እውነቱን የሰማሁት፣ ወይም የሰማሁ የመሰለኝ፣ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ቤት ነው። ከመቁረጫ ጠረጴዛዋ ሥር ገብቼ የወደቀ መርፌ በማግኔት እለቅምላት ነበር። እንደዚያ ዓይነት ሥራ ካልተሰጠኝ እቃ ሰባሪ ነኝ። እቴቴ ገባች። እኔ መኖሬን አላየችም። ልብስ ሰፊዋም መርፌዋን እያየች ረስታኛለች።

«እንዴት ናት እህትሽ?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ምን ትሆናለች። ትሠራለች።»

«እሱስ? የተሰማ ነገር አለ?»

«ምን ይሰማል እህቴ። መላሽ ወሰደው በቃ።»

ማሽኑ ተነሳ። ተረረረረ፤ ረጅም ስፌት ነበር፣ የመጋረጃ ጠርዝ። የእቴቴ እግር ከፊቴ ነው፤ ተረከዟ መሬቱን ይመታል፤ እያወራች እንደሆነ አውቃለሁ፤ አንድ ቃል አይሰማኝም። ማሽኑ ቆመ።

«… ከአፍንጫው ወዲያ ነው የታየው አሉ።»

«ማን አየው?»

«አንዱ ዓሣ አጥማጅ።»

ማሽኑ እንደገና ተነሳ። ሲቆም ልብስ ሰፊዋ «ለልጅቷ ነገራችኋት?» ስትል ነበር። እቴቴም «እናቷ አፍሽን እዘጋልሻለሁ ብላኛለች» አለች።

አፍንጫው የምንለው ከተማችንን ከማዶው ሰፈር የሚለየውን፣ ወደ ባሕሩ የወጣ የድንጋይ ኮረብታ ነው። ማግኔቱን በሁለት እጄ ያዝኩ። መርፌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያይዘው ጢም አውጥተዋል። አላለቀስኩም። ብወጣና ብታየኝ እቴቴ «ምስኪን» ትላለች ብዬ ፈራሁ፤ ያን ቃል አንዴ ደግማ ብትለኝ ጮኼ መንደሩን እንደማፈርስ አውቃለሁ። ስለዚህ እስክትሄድ ጠበቅሁ፣ መርፌዎቹን በቆርቆሮው አስቀመጥኩ፣ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ተገጣጠመልኝ። የፊሽካው መቅረት ገባኝ፤ ሌሊት ተነስቶ ሊዋኝ ገብቶ ነው። የልብሱ ነገርም ገባኝ። ቁም ሣጥኑ ውስጥ በእሱ በኩል ያለው ባዶ ነበር፤ የሞተ ሰው ልብስ ዓይን እንዳያስለቅስ ይደበቃል፤ የፀጉር አስተካካዩ ሚስት ስትሞት እንደዚያ ነው ያደረጉት። ምላጩም የለም። ዛሬ ሳስበው የሚያስቀኝ ይሄ ነው፤ የሞተ ሰው ምላጩን ይዞ አይሄድም።

አንድ ነገር ብቻ አልገጥም አለኝ። ለከተማው ሁሉ «በጎን ውጡ» እያለ ሲያስተምር የኖረ ሰው ራሱ ለምን በጎን አልወጣም? ይህ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ። ስበላ ይመጣል። ሽንት ቤት ቁጭ ስል ይመጣል። ወለሉ ላይ በሆዴ ተኝቼ ሞከርኩት፤ ከአልጋው ሥር እስከ በሩ፣ በጎን። ቀላል ነው። ያውም እሱ ትልቅ ሰው ነው።

በእናቴም ተናደድኩ። አታለቅስም። ከሥራ ስትመለስ አልጋውን ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ትገፋለች፣ ወለል ታጥባለች፣ የታጠበውን እንደገና ታጥባለች። ቁርስዋ አይበላም፣ ምሳዋ አይበላም፤ ሳህኑን ወደ እኔ ትገፋዋለች። እኔ ደግሞ ለእሷ እያሰብኩ ዝም አልኩ። እሷ ለእኔ ስትደብቅ እኔ እንዳላወቅሁ ሆኜ ለእሷ ደበቅሁ። ማታ ትራሴን አፌ ውስጥ አስገብቼ አለቅሳለሁ፤ በቀጭኑ ግድግዳ ማዶ እሷም እንደማትተኛ የአልጋው ድምፅ ይነግረኛል። ሁለታችንም አንዱን ሰው እያሰብን ነበር፤ እኔ የሞተውን፣ እሷ በሕይወት ያለውን።

እዚህ ላይ ማስረዳት ያለብኝ ነገር አለ። በከተማችን መላሽ ለባሕር ብቻ የሚባል ቃል አይደለም። ሲጋራ ያቆመ ሰው ጥግ ቆሞ ሲያጨስ ከታየ «መላሽ ወሰደው» ይባላል። መጠጥ እርግፍ አድርጎ የተወ፣ ሚስቱም ጎረቤቱም ያመሰገነው ሰው አንድ ቀን ግድግዳ ተደግፎ ሲገኝ «መላሽ ወሰደው።» ከሁሉም ይልቅ ግን ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የሚባለው፣ ጥሏት ወደመጣት ሴት ለተመለሰ ባል ነው። ከተማው ሁሉ ያውቃል። እኔ ግን የጠባቂው ልጅ ነኝ፤ ቃሉን ከብርቱካን ጋር ነው የተማርኩት፤ ሌላ ትርጉም ይኖረዋል ብዬ በምን ልጠርጥር?

አዲስ ጠባቂ ተቀጠረ። ቀድሞ የአውቶቡስ ረዳት የነበረ፣ ሆዱ የወጣ፣ ቲኬት የሚባል ሰውዬ ነው። ፊሽካ ከመንፋት ይልቅ መጮህ ይቀናዋል፤ ማዕበል በመጣ ቁጥር በልማድ «ጠጋ ጠጋ! ወደ ውስጥ ጠጋ!» ይልና ራሱን ይይዛል፤ «ወደ ውጪ! ወደ ውጪ ማለቴ ነው!» ሰዉ በሳቅ ይሞታል። ዘንጉን የተከለበትን ሳይ ደሜ ፈላ። ልክ አልነበረም። መላሽ ከእሱ ወዲህ ነው፤ ማንም የሚያይ ሰው ያየዋል።

«እዚያ አይደለም» አልኩት።

«ምኑ?»

«ዘንጉ። ወደዚህ አምጣው።»

ውሃውን አየ፣ እኔን አየ፣ ዘንጉን ነቅሎ አመጣው። ጥሩ ሰው ነበር። አጠገቡ ተቀመጥኩና አሸዋውን እየጫርኩ ጠየቅሁት።

«መላሽ የወሰደውን የት ነው የሚጥለው?»

«ምኑን? ኳስ ጠፋብሽ?»

«አዎ» አልኩ።

«ኳስማ አለቀላት። ወደ ውስጥ ያስገባታል፣ እዚያ ትልቁ ውሃ ይቀበላታል፣ በአፍንጫው ዙሪያ ያዞራትና ማዶ ይተፋታል። ጀሪካን በይ፣ ጫማ በይ፣ ሁሉም እዚያ ነው የሚወጣው። የማዶ ሰው ጫማ ገዝቶ አያውቅም፤ ችግሩ ግራና ቀኙ አይገጥምም እንጂ።»

«ሰውስ?»

ሳቁን አቆመ። አገጬን ይዞ ፊቴን ወደ ብርሃኑ አዞረው።

«አንቺ የእሱ ልጅ ነሽ እንዴ? የጠባቂው?»

«ነኝ።»

ከኪሱ ብስኩት አውጥቶ ሰጠኝ። «አይዞሽ» አለ። ለሟች ልጅ የሚሰጥ ብስኩት ነው ብዬ ነው የበላሁት። ዛሬም የዚያ ዓይነት ብስኩት አልወድም።

በማግስቱ እናቴ ወደ በረዶ ቤት፣ እቴቴ ወደ ገበያ እንደሄዱ ቁም ሣጥኑን ከፍቼ ንጹሕ አንሶላ አወጣሁ። ከባሕር የወጣ ሰው አሸዋ ላይ ሲተኛ በአንሶላ እንደሚሸፈን አይቻለሁ፤ አባቴ ራሱ ሲሸፍን አይቻለሁ። ማዶ ያሉ ሰዎች የጀሪካንና የጫማ ሰዎች ናቸው፤ አንሶላ ይኑራቸው አይኑራቸው ምን አውቃለሁ። አጣጥፌ ብብቴ ሥር አደረግሁና እግሬ አውጪኝ አልኩ።

አፍንጫውን ብቻዬን ተሻግሬው አላውቅም ነበር። መንገዱ ድንጋይ ነው፣ ቁልቁለቱ ያንሸራትታል፣ አንሶላው እየተፈታ ይጠልፈኛል። ሁለት ጊዜ ወደቅሁ። ጉልበቴ ደማ። ደሙ አንሶላውን እንዳይነካው ብቻ ነበር ጭንቀቴ። ማዶ ስደርስ ቲኬት እንዳለው ነው፤ ዳርቻው ሁሉ የባሕር ትፋት ነው። ጀሪካን፣ ገመድ፣ የተሰበረ ሣጥን፣ ብዙ፣ ብዙ ነጠላ ጫማ። ጨርቅ ባየሁ ቁጥር ልቤ ስንጥቅ ይላል፤ በእግሬ ጫፍ እገለብጠዋለሁ፤ ጆንያ ነው፤ እቀጥላለሁ። ላገኘው እፈልጋለሁ፣ እንዳላገኘው እለምናለሁ። እንደዚያ ሆኜ ዳርቻውን ጨረስኩት።

ከዳርቻው በላይ አንድ ረድፍ ቤቶች አሉ። ከአንዱ ጣሪያ ላይ ቆርቆሮ የሚመታ ሰው አለ። ቀና አልኩ። ምስማር በከንፈሩ ነክሶ፣ ተንበርክኮ፣ መዶሻ ይዞ፣ አባቴ ነው።

የተሰማኝን እንዴት እንደምናገረው አላውቅም። ደስታ ማለት ይሄ ከሆነ ከዚያ ወዲህ አግኝቼው አላውቅም። አሸዋው ላይ ተቀመጥኩ።

መሰላሉን የያዘች ልጅ ነበረች፤ በቁመት ትበልጠኛለች። ዞራ አየችኝ። ግንባሯ ሰፊ ነው፣ ልክ እንደኔ። የባሕር ዳርቻ ሰው ይመሳሰላል አልኩ በልቤ። ዛሬ ያቺ ልጅ አንድ ጊዜ ስልክ ካነሳች የማታስቀምጥ እህቴ ናት፤ ያኔ ግን አባቴን ካዳኑት ሰዎች የአንዱ ልጅ መሰለችኝ።

«አባዬ!»

ምስማሮቹ ከአፉ ረገፉ። በመሰላሉ ሲወርድ እግሩ የት እንደሚረግጥ አያይም ነበር። ፊቱ ሞላ ብሏል፤ ጉንጩ ላይ ሥጋ መጥቷል፤ የሸሚዙ ቁልፎች ሆዱ ላይ ተወጥረዋል። ብዙ የባሕር ውሃ ጠጥቶ አብጦ ነው አልኩ።

«ጉንዳን! ከማን ጋር መጣሽ?»

«ብቻዬን። አልሞትክም።»

«ማን ነው ሞተ ያለሽ?»

«እቴቴ። መላሽ ወሰደው አለች።»

አባቴ መሰላሉን የያዘችውን ልጅ አየ፣ ከዚያ መሬት አየ።

«እሷማ ትላለች» አለ።

«ውሸቷን ነው?»

«… አይደለም። እውነቷን ነው።»

«ታዲያ ለምን በጎን አልወጣህም?»

አንድ ምስማር መዳፉ ላይ ቀርቶ ነበር፣ እሱን ያገላብጣል። አፍሮ ነው አልኩ፤ ሥራው ሆኖ ሳለ ስላልቻለበት። ላጽናናው ፈለግሁ። «ምንም አይደለም» አልኩት። «ጨለማ ስለነበር ነው።»

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ አንሶላውን እያየ። ነገር ለማዞር ይመስለኛል።

«ያንተ ነው። ልሸፍንህ ነበር።»

አባቴ ቁጭ አለ። መሬት ላይ፣ ምስማሮቹ መሀል። አንሶላውን ከእጄ ወስዶ ፊቱን ቀበረበት። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። የእኛ ቤት ሳሙና ስለሸተተው ነው ያለቀሰው ብዬ አሰብኩ፤ በዚህኛው እንኳ ምናልባት አልተሳሳትኩም።

አንዲት ሴትዮ ከቤቱ ወጣች። ጠይም፣ ረጅም፣ እጇ ዱቄት የነካው። ቆማ አየችን።

«ይቺ ናት?» አለችው።

ራሱን ነቀነቀ። ገብታ በብርጭቆ ውሃ ይዛልኝ መጣች። «ጠጪ የኔ ልጅ፣ ፀሐዩ ጎድቶሻል። ጉልበትሽንም ልጠብልሽ።» ድምፅዋ ክፉ አልነበረም፤ ይህን ለመናገር ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል። ውሃውን ጠጣሁ። ያስተማሩኝ ልጅ ነኝና ተነስቼ እጅ ነሳሁ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አልኳት። «አባቴን ከባሕር ስላወጡልኝ።»

ሴትዮዋ ብርጭቆውን አልተቀበለችኝም። እጇ አየር ላይ ቀረ። አባቴን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ዞራ ወደ ቤት ገባች፣ በሩንም ቀስ ብላ ዘጋችው። ብርጭቆውን መሰላሉን ለያዘችው ልጅ ሰጠሁ።

አባቴ እስከ አፍንጫው ጫፍ ሸኘኝ። እጄን ይዟል። ከላይ ሆነን የኛ ከተማ ሲታይ ቆመ።

«ከዚህ በኋላ መንገዱን ታውቂዋለሽ» አለ።

«አትመጣም?»

«እመጣለሁ።»

«ሲሻልህ?»

«… ሲሻለኝ።»

«ለእማዬ ልንገራት? እንዳልሞትክ?»

«ንገሪያት» አለ። ሮጥኩ። ስወርድ አንዴ ዞሬ አየሁት፤ አንሶላው ትከሻው ላይ ነበር።

ቤት ስደርስ እናቴ ከሥራ ተመልሳ ደጁ ላይ ቁጭ ብላ ቦቲዋን በባልዲ ውሃ ታጥባለች። እቴቴ በሩ ላይ ድንች ትልጣለች። ትንፋሼ ተቆራርጧል፣ እያለቀስኩም እየሳቅሁም ነበር።

«እማዬ! አባዬ አልሞተም! አፍንጫው ማዶ ነው! አንዲት ሴትዮ ከባሕር አውጥታው፣ ቤቷ አስቀምጣው፣ ትንሽ አብጧል እንጂ ደህና ነው፣ ጣሪያቸውን እየሠራላቸው ነው፣ እኔም አመስግኛታለሁ!»

የእቴቴ ቢላ ቆመ። «ወይ ጉድ» አለች። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ማለት ይሄ ነው።»

«አንቺ ግቢልኝ» አለቻት እናቴ።

«ምን አደረግሁ?»

«ግቢ አልኩሽ። ድንችሽንም ይዘሽ።»

እቴቴ ገባች። እናቴ ቦቲውን አስቀመጠች።

«ሞቷል ብለሽ ነበር?»

«አዎ።»

«ይሄን ሁሉ ቀን?»

«አዎ።»

«ለምን አልጠየቅሽኝም ልጄ?»

«እንዳታለቅሺ ብዬ።»

በሁለት እጇ ፊቴን ያዘችኝ። እጇ እንደ ሁልጊዜው በረዶ ነው፤ አልጮኽኩም። አንድ ነገር ልትለኝ ስትጀምር ተወችው፣ ሌላ ልትለኝ ስትል ተወችው። መዋሸት ትችል ነበር። አባቴ ታሞ ነው፣ ሲሻለው ይመጣል ብትለኝ እስከ ጉርምስናዬ ድረስ መንገድ መንገዱን ሳይ እኖር ነበር።

«ስሚኝ» አለች። «አባትሽን ባሕር አልወሰደውም። በእግሩ ነው የሄደው።»

ዝም አልኩ።

«ያቺ ሴትዮ ከእኔ በፊት ሚስቱ ነበረች። ጥሏት ነው እኔ ጋ የመጣው። አሁን ተመለሰ። መላሽ ወሰደው የሚሉት እሱን ነው። ሌላ ምንም የለም።»

ተናደድኩ። በእናቴ፣ በእቴቴ፣ በልብስ ሰፊዋ ማሽን፣ ቃሉን ባወጣው ሰው ሁሉ። ከሁሉ በላይ አፌ ላይ የቀረው ያ ምስጋና አንገበገበኝ፤ ጎንበስ ብዬ፣ እጅ ነስቼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሞቶ ቢሆን ይሻለኝ ነበር ብዬ አሰብኩ፤ ማሰቤም አስፈራኝ፤ እግሬ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የትም መሄድ አልፈለገም። ደረጃው ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ጉልበቴ ላይ ደሙ ደርቋል። እሷ ጨርቅ ነክራ ጠረገችልኝ፣ ከዚያ ቦቲዋን አንስታ ፊቷን ወደ ባልዲው አዞረች።

ብዙ ቆይታ፣ ዞር ሳትል፣ «ከስቷል?» አለችኝ።

ጉንጩን አሰብኩ። ሆዱ ላይ የተወጠሩትን ቁልፎች አሰብኩ። ጀርባዋን አየሁ፤ በሹራቡ ሥር የትከሻዋ አጥንት ይታያል።

«በጣም» አልኳት። «አጥንቱ ይቆጠራል። ሸሚዙ ሰፍቶት ይዋኝበታል።»

«እንደዚያ?»

«ፊቱማ አልቋል።»

«ታዲያ ምን ታበላዋለች?» አለች እናቴ። ቦቲውን ገልብጣ ውሃውን አፈሰሰችው። ወደ ውስጥም ተጣራች፤ እቴቴን «ከዚያ ድንች ለእኔም ጨምሪልኝ» አለቻት።